የማዳመጫው ጎማና የወጣቱ ጆሮ

በዛሬው ዘመን ከተማሪው ቦርሳና ከወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ኪስ ከማይጠፉት ዕቃዎች አንዱ በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ማዳመጫ ነው። ሕዝቡ «ኤርፎን» ይለዋል፤ ሽቦ የሌለው ከመጣ ወዲህ ደግሞ የማናቸውም ፋብሪካ ሥራ ቢሆን «ኤርፖድ» የሚለው ስም ጠቅልሎ ወስዶታል። ይህ ዕቃ የመዝናኛ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ይሰማበታል፣ ስብሰባ ይካሄድበታል፣ ቋንቋ ይጠናበታል። ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ የዓለም የጤና ድርጅት ከ2015 ጀምሮ ስለዚሁ ጉዳይ ዘመቻ የከፈተው ለምን እንደ ሆነ ቢመረምር መልካም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ድርጅቱ እንደሚለው፣ በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ወጣቶች ከመጠን ያለፈ ድምፅ በማዳመጥ ምክንያት መስማታቸው ሊጐዳ በሚችልበት አደጋ ላይ ይገኛሉ። በ2021 ባወጣው ሪፖርትም ልዩ ልዩ መጠን ያለው የመስማት ጉድለት የደረሰባቸውን ሰዎች 1.5 ቢሊዮን ያህል አድርጎ ቆጥሯል፤ በ2050 ቁጥሩ ወደ 2.5 ቢሊዮን ይጠጋል ብሎም ገምቷል። እርግጥ ነው፣ የዚህ ሁሉ ሰው ጉዳት ከማዳመጫ የመጣ አይደለም፤ እርጅናም፣ በሽታም፣ የፋብሪካ ጩኸትም አለበት። ነገር ግን ከእነዚህ መካከል በገዛ እጃችን የምናመጣውና በገዛ እጃችን ልናስቀረው የምንችለው የማዳመጫውን ጉዳት ነው።

ታዲያ ወጣቱ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ለምንድር ነው? ብዙ ሰው ጩኸት ስለሚወድ ነው ብሎ ይፈርድበታል። ይህ ፍርድ የእውነቱን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው። ሌላውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ምክንያት ማዳመጫው በጆሮ ውስጥ በደንብ አለመቀመጡ ነው። ይኸውም የሚሆንበትን መንገድ ጥቂት ዘርዘር አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል።

የጆሮ ቀዳዳ ከደጁ እስከ ታምቡሩ ድረስ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠማማ ቧንቧ ነው። በማዳመጫው አፍ ላይ የተሰካችው ጎማ ይህን ቧንቧ በደንብ ከደፈነችው፣ በውስጥ የሚቀረው አየር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ድምፅ ማውጫ እንኳ ወፍራሙን ድምፅ በሙሉ ኃይሉ ልታሰማ ትችላለች። ጎማዋ ግን በአንድ በኩል ጥቂት ክፍተት ከተወች፣ ወፍራሙ ድምፅ በዚያ በኩል ያመልጣል። ነገሩ የተቀደደ የብስክሌት ጎማ እንደ መንፋት ያለ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚርገበገብ፣ የሚገፋው አየር በክፍተቱ ሾልኮ ለመውጣት በቂ ጊዜ ያገኛል፤ የጸናጽል ድምፅ ግን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ ለማምለጥ ፋታ የለውም። ስለዚህ ጎማው ያልደፈነለት ሰው የሚሰማው ሙዚቃ ከበሮው የሳሳ፣ ቤዙ የጠፋ፣ የማሲንቆው ፍትጊያና የዘፋኙ «ሰ» ብቻ ጆሮ የሚወጋ ይሆናል። አድማጩም «ይህ ኤርፎን የማይረባ ነው» ይላል፤ ወይም ደግሞ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ከፍ ቢያደርገውም የሸሸው ቤዝ አይመለስለትም፤ የሚጨምረው ቀጭኑ ድምፅ ነው።

በዚህ ላይ ክፍተቱ በሁለት ወገን የሚሠራ በር ነው። የሙዚቃው ቤዝ በሚወጣበት በር የሚኒባሱ ሞተር ጉርምርምታና የረዳቱ ጥሪ ይገባል። አድማጩ ይህን ለማሸነፍ ሁለተኛ ጊዜ ድምፁን ይጨምራል። ስለዚህ የጎማዋ ልክ አለመሆን የድምፅ ጥራት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጉዳቱን መጠን በቁጥር ለማስረዳት፣ የዓለም የጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር ሆኖ በ2019 ይፋ ያደረገውን ደንብ መመልከት ይበቃል። ደንቡ ለአዋቂ ሰው የመደበው የድምፅ ድርሻ በሳምንት 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ነው፤ ለሕፃናት ደግሞ 75 ዴሲቤል ለዚያው ለ40 ሰዓት ነው። ዴሲቤል ግን እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር የሚቆጠር አይደለም። ድምፅ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር ጉልበቱ እጥፍ ስለሚሆን፣ የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 83 ዴሲቤል ለ20 ሰዓት፣ 86 ለ10፣ 89 ለ5፣ 92 ለሁለት ሰዓት ተኩል፣ 95 ደግሞ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ይፈቀዳል ማለት ነው። ይህም በሳምንት ነው እንጂ በቀን አይደለም። እንግዲህ በታክሲ ሲመላለስ በቀን አንድ ሰዓት በ95 ዴሲቤል የሚያዳምጥ ሰው ሰኞ ቢጀምር፣ የሳምንቱን ድርሻ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይገባ ጨርሶታል።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው» የሚለውን ተረት አባቶች የተናገሩት ለሐሜት ነው፤ ለዚህ ነገር ግን ይበልጥ የሚስማማ ይመስለናል። በጆሮ ውስጥ ድምፅን ወደ አእምሮ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ሕዋሳት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም። ሲሞቱም በመጀመሪያ የሚጎድለው ቀጭኑ ድምፅ በመሆኑ ባለቤቱ ቶሎ አያውቀውም፤ የሰው ድምፅ ይሰማዋል፣ ቃሉን መለየት ግን ይቸግረዋል። በሠላሳ ዓመቱ በስብሰባ መካከል «ምን አሉ?» የሚል ሹም የሚሆነው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

የፋብሪካዎቹን ታሪክ ብንከታተል፣ ዓለም የጎማውን ነገር ለመረዳት ብዙ ጊዜ እንደ ወሰደበት እናያለን። የጃፓኑ ሶኒ በ1979 ዎክማን የተባለውን የኪስ ቴፕ ባወጣ ጊዜ ማዳመጫው ጆሮን ከውጭ የሚነካ ስፖንጅ ነበረ። አፕል በ2001 ከአይፖድ ጋር የሰጠው ነጩ ማዳመጫም በጆሮ አፍ ላይ የሚቀመጥ ደረቅ ፕላስቲክ እንጂ ቀዳዳውን የሚደፍን አልነበረም። ቀዳዳውን መድፈን የጀመሩት ሌሎች ናቸው። በአሜሪካ በኢሊኖይ የተቋቋመው ኢቲሞቲክ ሪሰርች የተባለው ድርጅት ሦስት ቀለበት ያለው ጎማ የሚሰካበትን ማዳመጫ በ1991 ለገበያ አቀረበ፤ ጄሪ ሃርቪ የተባለው የድምፅ ባለሙያም በ1995 በመድረክ ጩኸት ለተቸገረው ለቫን ሄለን ጓድ ከበሮ መቺ በጆሮው ልክ የተቀረጸ ማዳመጫ ሠራለት። አርቲስቱ ሙዚቃውን ይበልጥ ለመስማት የፈለገው ድምፁን በመጨመር ሳይሆን የውጭውን ጩኸት በመዝጋት መሆኑን ልብ ይሏል።

አፕል በ2016 የማዳመጫውን ቀዳዳ ከስልኩ ላይ አንሥቶ ዓለምን ወደ ሽቦ አልባው ሲያስገባ፣ የመጀመሪያው ኤርፖድ እንኳ ጎማ አልነበረውም። ጎማ ያለው በ2019 መጣ፤ ሦስት ልክም ተሰጠው። ከዚያ በ2022 አራተኛ ልክ ተጨመረ፤ በ2025 በወጣው ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ አምስት ሆነ፤ ጎማውም በስፖንጅ ተሞላ። በዓለም እጅግ ሀብታም ከሆኑት ድርጅቶች አንዱ በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ተጨማሪ ልክ ማውጣት ካስፈለገው፣ የሰው ጆሮ ምን ያህል ልዩ ልዩ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። በዚያው መሣሪያ ውስጥ ያለች ትንሽ ማይክሮፎን ድምፁ ማምለጥ አለማምለጡን ለክታ ለባለቤቱ የምትናገርበት ዘዴም ተሠርቷል። በ2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የዚህኑ ማዳመጫ ሁለተኛ ዓይነት ቀላልና መካከለኛ የመስማት ጉድለት ላለባቸው አዋቂዎች የመስሚያ መሣሪያ ሆኖ እንዲያገለግል ፈቅዷል። ጆሮን ሊጎዳ ይችላል የተባለው ዕቃ ለተጎዳ ጆሮ ምርኩዝ መሆኑ የዘመኑ አስገራሚ ነገር ነው።

አሁን ወደ እኛው ኪስ እንመለስ። ማዳመጫ ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ ትርፍ ጎማዎች ይገኛሉ። ብዙው ሰው መካከለኛው ተሰክቶ ስለሚመጣ በዚያው ይጠቀምና የቀሩትን ከካርቶኑ ጋር ይጥላቸዋል። ይህ ጫማን ቍጥሩን ሳይለኩ እንደ መግዛት ነው። ሁሉንም መሞከር ያስፈልጋል፤ የግራና የቀኝ ጆሮም እኩል ላይሆን ስለሚችል ለአንዱ ትንሹን፣ ለሌላው መካከለኛውን ማድረግ ነውር የለበትም። ሲያስገቡም ገፍቶ መወተፍ አይገባም። ማዳመጫውን በቀኝ እጅ ወደ ቀኝ ጆሮ እያስጠጉ፣ የግራውን እጅ ከራስ ኋላ አዙሮ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ጠማማው ቧንቧ ይቃናል። ማዳመጫውን በጥቂቱ እያዞሩ ካስገቡ በኋላ ጆሮውን ይለቁታል። ጎማው የስፖንጅ ዓይነት ከሆነ በጣት ጠቅልሎ ማቅጠንና፣ ከገባ በኋላ አብጦ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ደገፍ አድርጎ መያዝ ይገባል። ገመዱ በጆሮ ላይ ዞሮ እንዲወርድ ተደርጎ የተሠራውን ደግሞ እንደ ተሠራው ማድረግ ነው፤ አለዚያ ገመዱ ልብስ በነካ ቍጥር ኳኳታው ይሰማል።

ፈተናው ቀላል ነው። ቤዙን በደንብ የሚያውቁትን ዘፈን ይክፈቱና ማዳመጫውን በጣት ቀስ ብለው ጫን ያድርጉት። ቤዙ በአንድ ጊዜ ከጎለመሰ፣ ጎማው አልደፈነም ነበር ማለት ነው። ሲጫኑት ለውጥ ከሌለ ልኩን አግኝተዋል። ራስዎ ሲናገሩ ድምፅዎ በእንስራ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ቢሰማዎ አይደንግጡ፤ የመደፈኑ ምልክት ነው። ሕመም ግን የጥሩ ልክ ምልክት አይደለም፤ የሚያም ጎማ ትልቅ ነው።

ከዚህ በኋላ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ድምፁን ለጆሮ እንደሚስማማ አድርገው ይለኩና የቆመበትን ምልክት ያስተውሉ። የጤና ድርጅቱ ምክር ከስልኩ ሙሉ ኃይል ከመቶ 60 እንዳያልፍ ነው። ታክሲ ውስጥ ገብተው ከዚያ ምልክት በላይ ማሳለፍ ካስፈለገ፣ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ጎማው ነው። ስልኩ ራሱ ዴሲቤል እየቆጠረ ያስጠነቅቃል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ስልኩ የሚቆጥረው የማዳመጫውን ጠባይ ሲያውቅ ነው። ከመንገድ ዳር የተገዛ፣ ፋብሪካው የማይታወቅ ኤርፎን ሲሰካበት ቍጥሩ ግምት ከመሆን አያልፍም።

ስለ ዋጋም አንድ ቃል መናገር ይገባል። ሻጩ «ወንድሜ፣ የዚህ ቤዝ ኃይለኛ ነው» ሲል ላይዋሽ ይችላል፤ ቤዙ የሚገኘው ግን ጎማው የልክ የሆነለት ሰው ዘንድ ነው። ጄሮን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ በ2017 ባወጣው ጥናት 283 ማዳመጫዎችን መርምሮ፣ የድምፃቸው ሚዛንና የዋጋቸው ከፍታ ዝምድና እንደሌላቸው አስረድቷል። በ2022 ሰቨን ኸርዝ የተባለው የቻይና ድርጅት ያወጣው ዜሮ የሚባለው ባለ ሽቦ ማዳመጫ ዋጋው 20 ዶላር ያህል ሆኖ ሳለ በሙያው ሰዎች ዘንድ ተመስግኗል። ስለዚህ ደመወዙ ጥቂት የሆነ ወጣት ውድ ዕቃ አላገኘሁም ብሎ የሚያዝንበት ምክንያት የለም፤ ከቀረው ገንዘብ ላይ ጥሩ ጎማ ቢገዛ ይሻለዋል።

በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አንዱን ኤርፎን ሁለት ጓደኛሞች ቀኝና ግራውን ተካፍለው ማዳመጥ ነው። ፍቅሩ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ለሁለት ጆሮ የተከፈለው ሙዚቃ ግማሹ ይቀርባቸዋል፤ ክፍት በቀረው ጆሮ ጩኸት ስለሚገባም ሁለቱም ድምፁን ይጨምራሉ፤ የአንዱ የጆሮ በሽታም ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ቢያንስ ጎማውን አውልቆ በለብታ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ መመለስ ይገባል። የአንዱ ጆሮ ድምፅ የደከመ እንደ ሆነም ዕቃው ተበላሽቷል ከማለት በፊት፣ በአፉ ላይ ያለችው ወንፊት በኩክ ተደፍና እንደ ሆነ መመልከትና በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። ኩኩን ከጆሮ ለማውጣት ግን ክብሪትም ሆነ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ማስገባት ወደ ውስጥ ከመግፋት በቀር ጥቅም የለውም።

በደንብ የተደፈነ ጆሮ የመኪና ጡሩምባም አይሰማም። አስፋልት ሲሻገሩ ሁለቱንም ማውለቅ ነው፤ ድምፁን መቀነስ ብቻ አይበቃም። ማዳመጫውን ካወለቁ በኋላ ጆሮ ጭው የሚል ከሆነ፣ በዚያ ቀን የተሰማው ድምፅ በዝቷል ማለት ነው፤ ጭውታው በማግሥቱም ያልተወ እንደ ሆነ ወደ ጆሮ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።