ጅብ ከሄደ የሚጮህ አማካሪ

የአደጋ አማካሪነት መቼም ደህና እንጀራ ነው፡፡ ሶዶ ሆቴል ውስጥ ወርክሾፕ፣ በላንድክሩዘር ጉብኝት፣ ከዚያ ወፍራም ሪፖርት! ሙያውን አልጠላሁም፤ ጥያቄዬ ምክሩ ለማን ደረሰ ነው፡፡

ግንቦት 2008 ዓ.ም. ወላይታ ውስጥ ናዳ ሰው ፈጀ፡፡ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎረቤት ጎፋ ላይ ከ200 በላይ ሰው አለቀ፡፡ ብዙዎቹ የተቀበሩትን በእጅና በአካፋ ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ ዋጣቸው፡፡ በሁለት ሳምንቱ በሐምሌ 29 ደግሞ ኪንዶ ዲዳዬ!

«ናዳ ናዳን ይከተላል፤ ከሥሩ ራቁ» የምትል አንዲት ቃል በወላይትኛና በጎፍኛ አስቀድማ ገበሬው ቤት ብትደርስ ስንቱ በተረፈ ነበር! እንግዲህ የአማካሪው ቀሪ ሂሳብ የሚከፈለው፣ ምክሩ ቀበሌ መድረሱ ሲረጋገጥ ይሁን፡፡