«ኳሷን ነው የነካሁት!» አያድንም

ገጠር ትምህርት ቤት የሚመደብ መምህር ሒሳብም ያስተምር አማርኛ፣ ውሎ አድሮ አንድ ኳስ እጁ ላይ መውደቁ አይቀርም። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ብዙዎች የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ ኳሱን ወደ ሜዳው መሐል ጠልዘው «በሉ ተጫወቱ!» ካሉ በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ደብተር ያርማሉ። ተማሪው ደስ ይለዋል፤ መምህሩም ሥራው ይቀልለታል። ግን ይህ ትምህርት ነው ወይ? ይህ ጸሐፊ አይደለም ባይ ነው።

እስቲ ሜዳውን እንመልከት። ልጆቹ የሚጫወቱት ጠጠር ላይ ነው፤ ገሚሱ ባዶ እግሩን፣ ገሚሱ በኮንጎ ጫማ። እዚህ ላይ አንዱ ጎረምሳ በቴሌቪዥን ያየውን ሸርተቴ ልሞክር ብሎ ከኋላ ሲገባ፣ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ የሚቀመጠው ከክፍሉ ትንሹ ልጅ ነው። ፊሽካ ቢነፋም መልሱ አንድ ነው፤ «ቲቸር፣ ኳሷን ነው የነካሁት!» ዳር የቆመውም ያጨበጭብለታል። በሚቀጥለው ሳምንት ያ ትንሽ ልጅ ዳር ቆሞ ተመልካች ይሆናል። ሴቶቹማ ቀድሞውኑ ሜዳውን ለቀዋል።

«ኳሷን ነው» የምትባለው መከላከያ ግን በሕጉ ውስጥ የለችም። ኳስ አስቀድሞ መንካት ብቻውን ከጥፋት ነጻ አያወጣም። በአሥራ ሁለተኛው ሕግ ዳኛው የሚመዝነው አገባቡን ነው። ሳይጠነቀቅ የገባ እንደሆነ ቅጣት ምት ብቻ ይሰጥበታል፤ በተጋጣሚው ላይ የሚደርሰውን አደጋ ከቁብ ሳይቆጥር የገባ ቢጫ ካርድ ያያል፤ ከመጠን ያለፈ ኃይል ተጠቅሞ የሰው ደኅንነት ላይ አደጋ የጣለ በቀይ ይወጣል። በነገራችን ላይ ካርዶቹ በዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት እ.ኤ.አ. በ1970 ሜክሲኮ ላይ ሲሆን፣ ሐሳቡ የእንግሊዛዊው ዳኛ የኬን አስተን ነበር። ዓላማውም ቋንቋ የማይግባቡ ዳኛና ተጫዋች እንዲግባቡ ነው። የልጆቹን ቋንቋ የሚናገር መምህር ታዲያ ካርድ ከመምዘዙ በፊት ቢያስረዳ ምን ይከብደዋል?

ኳስ ማስጣል ጥበብ ነው፤ የሚጀምረውም ከትዕግሥት ነው። ኳሱ ገና ወደ ተጋጣሚው እየሄደ ሳለ ተከላካዩ ፈጥኖ ይቅረብ፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ሲቀረው ግን ፍጥነቱን ይቀንስ። እየሮጠ የሚገባውን ተከላካይ አንዲት ማታለያ ትጥለዋለችና። ከዚያ ጎን ለጎን ይቁም፣ ጉልበቱን ያጥፍ፣ ዐይኑን ከኳሱ አይንቀል። የአጥቂው ትከሻ ይዋሻል፤ ኳስ አይዋሽም። ወደ መስመሩ እየገፋ ያስጨንቀው፤ መስመሩ ራሱ እንደ አንድ ተከላካይ ያግዘዋል። ኳሱ ከአጥቂው እግር ትንሽ ራቅ ያለች ጊዜ፣ ያኔ ነው መግባት! የቆመበትን እግር ከኳሱ ጎን አሳርፎ፣ ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ፣ በውስጥ እግሩ ይምታ። እግር ብቻውን ከተላከ ይጎዳል፤ ሰውነት ከኋላው ሊከተለው ይገባል። ከኋላ እግር መላክ የሚባል ነገር ግን ከነአካቴው አይለመድ።

ይህንን ለማለማመድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በአመድ ወይም በጠጠር ርዝመቱ አሥር፣ ወርዱ አምስት እርምጃ የሆነ ቦታ ከልሎ ሁለት ሁለት ልጆችን ማስገባት ነው። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ በመጨረሻ በሩጫ። ቸኩሎ ከሩጫው የሚጀምር መምህር ፋሻ ያዘጋጅ።

ሸርተቴስ? በሕግ የተከለከለ አይደለም፤ በአግባቡ ከተሠራ ያምራልም። ሣር ባልበቀለበት የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ግን መከልከል አለበት ባይ ነኝ። ሕጉ ራሱ ለታዳጊዎች ሲባል በየአገሩ ፌዴሬሽን ፈቃድ የሜዳው ስፋት፣ የኳሱ መጠንና የጨዋታው ጊዜ እንዲሻሻል በር ከፍቷል። ልጅ የትልቅ ሰው አሳጣሪ አይደለምና።

«ሕግ ሕግ እያላችሁ ጨዋታውን አታድርቁት» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል፤ ሕጉን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ በእርግጥ ያደርቀዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ተማሪው በተራ ፊሽካ ይያዝ። ዛሬ ሲጨቃጨቅ የዋለው ልጅ ነገ ዳኛ ሆኖ ሃያ ሁለት ልጅ ሲጮህበት ሕጉን ራሱ ፈልጎ ይጠይቃል። ለታናናሾቹ ጥፋት፣ በእጅ መንካትና የእጅ ውርወራ ይበቃሉ። ከጨዋታ ውጭ የሚለው ለበሰሉት ይቆይ፤ እርሱም ሲመጣ በትክክል ይምጣ። እዚያ ቦታ መገኘት ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምትና ከመልስ ምት በቀጥታ ኳስ የተቀበለም አይቀጣም። የመልስ ምት ኳስ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል መውጣት አለበት የሚለውም ደንብ እ.ኤ.አ. በ2019 ቀርቷል። ዛሬም ለዚህ ፊሽካ የሚነፉ አሉ፤ ስማቸውን እንተው።

እጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርታችን ይገመገማል። የሜዳውን ትምህርትስ ማን ገመገመው? መምህሮቻችን ቢያንስ አንዱን ክፍለ ጊዜ ሜዳ ላይ ቢያዩልን መልካም ነበር። እስከዚያው ግን በቅዳሜው የክፍሎች ውድድር ከየክፍሉ ሁለት እጩ መምህራን በተራ ይዳኙ፤ ሴቶች እኅቶቻችንም እንዲሁ። ፊሽካውም የጎን ባንዲራዎቹም ሰውነት ማጎልመሻ ክፍል ዕቃ ቤት ውስጥ አሉ።