ቆጣሪው ቡሬን አያያትም

ለብቻዬ መጻፍ ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሞላኝ። ሰሞኑን ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ተከታይህ ስንት ደረሰ?»

ጥያቄው ነውር የለበትም። በየወሩ ደሞዝ የሚከፍለኝ ድርጅት የለም፤ ማስታወቂያ ሊያሠራ የሚመጣ ነጋዴም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ለእኔ የቤት ኪራይ ነው። ስለዚህ «ቁጥር ምን ያደርጋል» ብዬ አልፎክርባችሁም።

ነገር ግን የዓመቱን ሒሳብ ልሠራ ቁጭ ስል አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ዓመቱን ሙሉ በብዛት የጻፍኩት ስለ ፍኖተ ሰላም፣ ስለ ቡሬና ስለ አካባቢው ገጠር ነው። የሚያነቡኝ፣ የሚያጋሩልኝና መልእክት የሚልኩልኝ ግን አብዛኞቹ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ ናቸው። ስለ አንድ አገር እየጻፍኩ የምነበበው ሌላ አገር ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። ኔትወርክ የሌለው ሰው በቆጣሪው ላይ የለም። በስልካችሁ ከጽሑፉ ሥር የምታዩት የዓይን ምልክት የሚቆጥረው ቴሌግራም ላይ የከፈተውን ብቻ ነው። ጽሑፉን ለሌላ ሰው ስታስተላልፉት በዚያ የታየውም ይደመራል። በወረቀት ያተመው፣ በስልክ ደውሎ ለእናቱ ያነበበላት፣ ገበያ ላይ በአፉ ያወራው ግን አይደመርም።

ይህን ያስተማረኝ ቴክኖሎጂ አዋቂ አይደለም፤ ቡሬ ሻይ ቤት ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ከጥቂት ወራት በፊት መንገዱ ሲከፈት ወደዚያ ወርጄ ነበር። የሻይ ቤቱ ልጅ ማን እንደሆንኩ ሲነግራቸው ትኩር ብለው አዩኝ።

«ስለ በርበሬው የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ አባቴ። አንቱ ከየት ሰሙት?»

«የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ይነግዳል። በወረቀት አሳትሞ አመጣው፤ ሰንበቴ ላይ ተነበበልን። አጻጻፍህ ደህና ነው። ግን ዋሽተሃል።»

ጽሑፉን ምናልባት ታስታውሱት ይሆናል። በአዲስ አበባ የበርበሬ ዋጋ ጣሪያ በነካበት ሰሞን የጻፍኩት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ገበሬው ዋጋ ይጨምራል ብሎ ምርቱን መያዙ እንደሆነ አስረግጬ ጽፌ ነበር። የነገረኝ አንድ የከተማ ነጋዴ ነው፤ እኔም ሳላጣራ ወሰድኩት። በዓመቱ ውስጥ ከጻፍኳቸው ሁሉ በብዛት የታየው እርሱ ነው።

«በርበሬ ማሽላ መሰለህ?» አሉኝ። «የደረቀ በርበሬ ባደረ ቁጥር ክብደቱን ይጥላል። ማን ወዶ ቤቱ ያስቀምጠዋል? የሚጭን መኪና አጥተን ነው እንጂ። መንገድ ሲዘጋ የት እንውሰደው?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ያህል ሰው አንብቦት «እሰይ»፣ «ጥሩ ብለሃል» ሲለኝ አንድም ሰው ስህተቱን አልነገረኝም። ሊነግረኝም አይችልም፤ እንደ እኔው ከሩቅ ነበርና። ስህተቱን የሚያውቁት ቆጣሪው የማያውቃቸው ናቸው። ማረሚያውን ከተመለስኩ በኋላ ለጠፍኩ። ያየው ሰው ግን ከመጀመሪያው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሐሰቱ በፈረስ ሄዶ እርማቱ በእግሩ ተከተለ።

ይህ ብቻ ቢሆን አንድ ስህተት ነው ብዬ አልፈው ነበር። የባሰውን ያየሁት የዓመቱን ጽሑፎች በተርታ ሳያቸው ነው። የበርበሬው ጽሑፍ ብዙ ሰው ካየው በኋላ በዚያው ቅኝት፣ «ጥፋቱ የእገሌ ነው» የሚል ይዘት ያላቸው ሌሎች ጽሑፎች ጻፍኩ። በወንበርማ በኩል ስለ ተዘጉ ትምህርት ቤቶች የጻፍኩትን ግን ጥቂት ሰው ስላየው ተከታዩን ክፍል ሳልጽፍ ቀረሁ። ተው ያለኝ ባለሥልጣን የለም። የከለከለኝ አርታኢም የለም። ቁጥሩ ብቻ ነው። የማያዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ የማይቆጠር አንባቢም ቀስ በቀስ ከልብ ይወጣል።

የአገራችን የጽሑፍ ታሪክ ግን በቁጥር ቢለካ ገና ሲጀመር በቆመ ነበር። በ1890ዎቹ አጋማሽ ግሪካዊው አንድሪያስ ካቫዲያስ የጀመራት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ስም ያወጡላት «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈች በሳምንት በ24 ቅጂ ነበር የምትሰራጨው። ማባዣ መሣሪያ ከተገኘ በኋላ ነው ወደ 200 ያደገችው። ዛሬ 24 ተከታይ ያለው ሰው ቢነግረን እንስቃለን። የአማርኛ ጋዜጣ ግን የተወለደው በዚያ ነው።

ወደ ራሳችን ሰፈር ልምጣ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ወደ ጎጃም ገቡ። በዚያ ዘመቻ ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር የሚመራው የእንግሊዞች የፕሮፓጋንዳ ክፍል በአማርኛ የተጻፉ በራሪ ወረቀቶችን ይበትን፣ «ባንዲራችን» የተባለች ጋዜጣም ያሰራጭ ነበር። በድምፅ ማጉያም ከጣሊያን ጋር ለተሰለፉ ያገር ልጆች ይለፍፍ ነበር። በየካቲት ወር ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ። ማንበብ የሚችለው ጥቂት በነበረበት አገር የእነዚያ ወረቀቶች ሥራ የሚለካው በቅጂ ብዛት አልነበረም፤ ሰምቶ ጠመንጃውን ይዞ በከዳው ወታደር ነበር።

ቅርቡን እንይ። ዞን ዘጠኞች በግንቦት 2004 ሲጀምሩ ገጻቸው ብዙም ሳይቆይ አገር ውስጥ እንዳይከፈት ታገደ። የመጀመሪያ ዓመታቸውን በቆጣሪ ብንመዝነው ያገር ቤቱ አንባቢ ከነመኖሩም አይታወቅም ነበር። በሚያዝያ 2006 ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ በኋላም በሽብር ተከሰሱ። ያሰራቸው መንግሥት ስንት ሰው እንዳነበባቸው ቆጥሮ አይመስለኝም። የጽሑፍ ክብደት በቁጥር ብቻ እንደማይለካ እርሱም ያውቅ ነበር።

እዚህ ላይ «ይህ ለሰነፍ ጸሐፊ መደበቂያ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። «የማይታይ አንባቢ አለኝ» ማለት ለማንም ቀላል ነው፤ በአንድ ሰንበቴ ተነበብኩ ብዬም አገር አንብቦኛል ልል አልችልም። ስለዚህ ለሁለተኛው ዓመት ከቆጣሪው ጎን እናንተም ልትመረምሩት የምትችሉት ሌላ መዝገብ እከፍታለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አንድ ቦታ የጻፍኩትን ሁሉ ከመለጠፌ በፊት እዚያው ለሚኖርና ነገሩ ለሚመለከተው ቢያንስ ለአንድ ሰው አነባለሁ። ኢንተርኔት በሌለበት ስልክ ከሠራ በስልክ፤ ስልክም ካልሠራ ጽሑፉ ይዘገያል። ሁለተኛ፣ ስህተት ሲገኝ እርማቱ ከዋናው ጽሑፍ አናት ላይ ይገባል፤ ለብቻው ተለጥፎ አይረሳም። ሦስተኛ፣ የዛሬ ዓመት ተከታዬ ስንት እንደደረሰ ስነግራችሁ ስንት ጊዜ እንደታረምኩና ያረመኝ ሰው ከየት እንደሆነ አብሬ እነግራችኋለሁ።

ይህ ዋጋ አለው። በሳምንት የምለጥፈው ይቀንሳል። በሞቀ ወሬ ላይ ቀድሞ መድረስ ይቀራል። እድገቱ ይዘገያል፤ የቤት ኪራዩም ቀኑን ጠብቆ መምጣቱ አይቀርም። አንዳንድ ወር መልሼ ወደ ቁጥሩ ላይ ላይ ማየቴ አይቀር ይሆናል። ያን ጊዜ ይህን ጽሑፍ አስታውሱኝ።

ከእናንተም የምጠይቀው አለ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ቡሬ፣ ወንበርማ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ደንበጫ ዘመድ አላችሁ። በሳምንት አንድ ቀን ትደውሉ የለም? እንዴት ሰነበታችሁ ካላችሁ በኋላ የእኔንም ሆነ የሌላውን ጽሑፍ አንብቡላቸው። የሚሉትን ላኩልኝ፤ በተለይ «ይህ ልጅ ተሳስቷል» ሲሉ።

የሚቀጥለው ጽሑፍ ስለ በርበሬው መንገድ ነው። አልቋል፤ ግን ነገ አልለጥፈውም። እኒያ አባት ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ የእህታቸው ልጅ ስልክ ያገናኘናል። አነብላቸዋለሁ፤ ዋሽተሃል ካላሉኝ እሑድ ታገኙታላችሁ።