ሳይመረመር የተፈረደበት ፊት

ፒያሳ ላይ ፍርድ ቤት የለም ያለ ማነው? ቡና ቤቶቹ በረንዳ ላይ በየቀኑ ችሎት ይሰየማል። ተከሳሹ ለገበያ ከደጋ የወረደ ገበሬ ነው። ማስረጃው ፊቱ ነው፦ አፍንጫውን የወረሰ እብጠት፣ ከንፈሩን የገለበጠ ቁስል። ምስክር አይጠራም። «ቁምጥና ነው» ይባላል፤ ወንበር ይሳባል፤ ስኒው ለብቻው ይደረጋል፤ አለቀ። ይግባኝ የለም።

እኛ ይህን ፍርድ እንቃወማለን። «እዘኑለት» ለማለት አይደለም፤ ማዘንማ ቀላል ነው። የምንለው፦ ፍርዱ ማስረጃ የለውም!

የደጋው ሰው ራሱ ቁንጭር የሚለው በሽታ አለ። ሽኮኮ በሚኖርበት ገደልና ዋሻ አካባቢ አሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ተውሳክ ያመጣዋል። ሳይንስ ይህን ተውሳክ በ1973 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን ስም ሰይሞታል፦ ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ። ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ቆስሎ፣ ቆይቶ፣ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ሳይቆስል እብጠቱ ፊትንና እጅ እግርን እያዳረሰ ለዓመታት ይቀመጣል። አንቶኒ ብራይስሰን የተባለው ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ አጥንቶ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ስለዚህኛው ዓይነት ነው። ይኸው ነው እንግዲህ ከስጋ ደዌ ጋር ቁርጥ መንታ የሚመስለው።

ዐይን አይለየውም። ማይክሮስኮፕ ግን ይለየዋል። ከእብጠቱ ጠርዝ በስለት ትንሽ ተፍቆ ስላይድ ላይ ይቀባል፤ ደርቆ በጊምሳ ቀለም ይነከራል፤ በዘይት ሌንስ፣ አንድ ሺህ ጊዜ ጎልቶ ይታያል። ቁንጭር ከሆነ፣ ተውሳክን እንዲውጥ በተፈጠረው ሕዋስ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን የሚሆኑ ሞላላ ነገሮች ታጭቀው ይገኛሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ክብ አስኳልና አጠገቡ አንዲት አጭር ሰረዝ ትኖራለች። ሐንሰን በ1873 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው የስጋ ደዌ ባክቴሪያ ደግሞ ሌላ ነው፤ በዚል ኔልሰን ቀለም፣ በሰማያዊ መደብ ላይ እንደ ቀይ እንጨት ተደርድሮ ይታያል።

አሁን ልብ በሉ! ጊምሳ ማለት ለወባ ምርመራ የምንጠቀምበት ቀለም ነው። ዚል ኔልሰንም ለሳንባ ነቀርሳ አክታ የሚቀባው ነው። ወባና ነቀርሳ በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ጤና ጣቢያ እኮ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ታዲያ ምን ጎደለ? ቆዳውን ፍቆ የማየት ልማድና የሠለጠነ ዐይን! ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ስላይድ ሳይነካ፣ ቅባት ጽፎ የሚሸኝ ባለሙያ ከቡና ቤቱ ዳኛ በምን ይሻላል?

«ስላይዱም እኮ ይሳሳታል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። ተውሳኩ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ በተለይ ቁስሉ ሲቆይ እየሳሳ ይሄዳል። ባክቴሪያው በስላይድ የማይገኝበት ስጋ ደዌም አለ፤ እዚያ ላይ ቆዳው መደንዘዙን በጥጥ ጫፍ ነክቶ መፈተን ያስፈልጋል። የከረመ ቁስል ካንሰር ሆኖ ሊገኝም ይችላል፤ ያኔ ናሙና ተቆርጦ ለፓቶሎጂ ይላካል። ይህ ሁሉ ግን ደግሞ ደጋግሞ መርምሩ የሚል ነው እንጂ አትመርምሩ የሚል አይደለም።

«ቁንጭር አይገድልም፤ ስንት የሚገድል እያለ!» የሚሉም አሉ። መተማና ሁመራ ላይ የቀን ሠራተኛውን የሚጥለው ካላዛር የዚሁ ተውሳክ ዘመድ ነው፤ እሱ ስለሚገድል ይፈራል። የደጋው ወንድሙ ግን «አይገድልም» ተብሎ ወደ ኋላ ተገፋ። ኧረ ለመሆኑ፣ ሰውን ከጋብቻ፣ ከማኅበር፣ ከገበያ ያስወጣ በሽታ ምን ተረፈው?

ደግሞ አንዳች አደራ። ቁንጭር ከሆነ ተቀበሉት፣ ስጋ ደዌ ከሆነ አባሩት እያልን አይደለም። ስጋ ደዌም ይድናል፤ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። የአንዱ መድኃኒት ግን ለሌላው አይሆንም፤ ስም የሳተ ሰው መድኃኒትም ይስታል። ጠበሉንም ተዉ አንልም፤ የጋለውን ብረት ግን ተዉ እንላለን።

የጎንደር ጤና ኮሌጅ ከ1953ቱ የደምቢያ የወባ እልቂት ማግስት በ1954 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት፣ ዓላማው ባለሙያ አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ ነበር። ገበሬው ሕክምና ፍለጋ ከተማ ድረስ እንዲሰደድ አልነበረም። እኛም የምንጠይቀው ያንኑ ነው። የወባ ስላይድ የሚያነብ ሁሉ የቁንጭርን ስላይድ ማንበብ ይማር። የደጋ ጤና ጣቢያ ሁሉ የማይድን የቆዳ እብጠት ሲያይ ፍቆ ይመርምር፤ ካልቻለ ስላይዱን ይላክ፤ ስላይድ ከሰው ይቀላል።

እስከዚያው፣ እናንተ የበረንዳ ዳኞች፣ ወንበራችሁን መልሱ!