ቁጥሩና ቃሉ የት ይገናኛሉ? ቅይጥ የምርምር ዘዴ በጎጃም የዝሆኔ ጥናት

በጤና ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፎችን ያገላበጠ ሰው 422 የሚለውን ቁጥር ሳያገኝ አይቀርም። የችግሩ ስርጭት ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ይወሰዳል፤ ቀመሩ 384 ይሰጣል፤ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ይታከልበታል፤ ናሙናው 422 ሆኖ ያርፋል። በቀመሩ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከእርሱ በኋላ በሚመጣው ላይ ነው። ጥናቱ «ቅይጥ» እንዲባል መጠይቁ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ አንድ ሁለት የትኩረት ቡድን ውይይቶች ይደረጋሉ፤ ከውይይቱም ከሠንጠረዡ ጋር የሚስማማው ንግግር ተመርጦ ከሥሩ ይጠቀሳል። የማይስማማው በማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይቀራል። በእኔ አስተያየት ግን መጠናዊና አይነታዊ መረጃን ማጣመር ዋጋ የሚያወጣው ሁለቱ ሲጋጩ ነው፤ ግጭቱ መጠይቁን ራሱን እንድንመረምር ያስገድደናልና።

ለዚህ ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በደጋው የሚታየው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው፣ በአብዛኛው ፖዶኮኒዮሲስ ነው። መንሥኤው ትልም ትንኝም አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘ ቀይ አፈር ለዓመታት ባዶ እግርን ሲነካ ጥቃቅን ማዕድናቱ በቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት የተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል 3.3 በመቶው ታማሚ መሆናቸውን አሳይቷል። ታማሚዎቹ ሕክምና የፈለጉት እብጠቱ ከጀመረ በአማካይ ከ5 ዓመት በኋላ ነበር። ይህ 5 ዓመት ትልቅ ግኝት ነው፤ ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሰውየው ምን ይጠብቅ እንደነበር፣ ማንን እንዳማከረ፣ እግሩን ከማን እንደደበቀ አማካዩ አይነግረንም።

የራሴን ስሕተት ልናገር። ለመመረቂያ ጽሑፌ ባዘጋጀሁት መጠይቅ ውስጥ «ጫማ አለዎት?» የሚል ጥያቄ ነበረ፤ መልሱ «አዎ» ወይም «የለም»። በአንዲት የገጠር ቀበሌ አንድ አዛውንት «አለኝ እንጂ ልጄ» አሉኝና «አዎ» የሚለውን ሳጥን ምልክት አደረግሁበት። ወረቀቱን አጥፌ ልነሣ ስል ጫማው ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። «አባባ፣ ይህን አድርገው ያርሳሉ?» አልኋቸው። ሳቁብኝ። «እሱማ የቤተ ክርስቲያንና የገበያ ነው። በክረምት ጭቃ በሬ እየተከተሉ በኮንጎ ጫማ ይታረሳል እንዴ?» በእኔ ሠንጠረዥ ውስጥ እኒህ ሰው እግራቸው ከአፈር የተጠበቀ ሆነው ተቆጥረዋል። የመረጃው አሰባሰብ ተጋምሶ ስለነበር ጥያቄውን መለወጥ አልቻልሁም፤ ነገሩን «የጥናቱ ውስንነት» በሚለው ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍሁት። አንድ ዓረፍተ ነገር እንደማይበቃው ግን አውቅ ነበር።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ስለ ዝሆኔ የኅብረተሰቡን ዕውቀት ለመመዘን በምናዘጋጃቸው መጠይቆች «በሽታው በዘር ይመጣል» ያለ ተሳታፊ ብዙ ጊዜ ነጥብ ያጣል፤ በድምሩም «ዝቅተኛ ዕውቀት» ያለው ይባላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በወላይታ ታማሚዎች ላይ የተሠራ የዘረመል ጥናት ለበሽታው ተጋላጭነት በቤተሰብ ከሚወረስ የዘረመል ልዩነት ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። በአንድ ቀበሌ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሁሉ አይታመምም፤ በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ይበዛል፤ ገበሬውም ይህን አይቷል። ስሕተቱ ከዚህ ተነሥቶ ጫማ ጥቅም የለውም ማለቱ፣ ወይም ከዚያ ቤት ጋር አልጋባም ማለቱ ላይ ነው። ምልከታውን ከድምዳሜው ለመለየት ደግሞ ሰውየውን ማናገር ያስፈልጋል። «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚል ሳጥን ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ ለእኛ አላዋቂነት የእርሱን ስም ይሰጠዋል።

በአግባቡ ሲሠራ ምን እንደሚመስልም እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ታይቷል። 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሕክምና ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ተመራማሪዎቹ ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ አካሂደው ነዋሪውን አነጋግረዋል፤ ስለ ጥናቱ የሚሰጠውን ማብራሪያና የፈቃደኝነት አጠያየቁንም ባገኙት መሠረት ቀርጸዋል። ቃሉ ቀደመ፣ ቁጥሩ ተከተለ። ሙከራው እግርን በሳሙና ማጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻንና ጫማን ያካተተ እንክብካቤ ለአንዱ ቡድን ወዲያው፣ ለሌላው ከ12 ወር በኋላ የሚሰጥ ነበር። ድንገት የሚነሣው የእግር ትኩሳትና ሕመም በመጀመሪያው ቡድን ለአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ፣ በሁለተኛው 23.9 ጊዜ ሆኖ ተመዘገበ። ልዩነቱ አስተማማኝ ነው። ሆኖም ሕክምና ያገኘው ሰው እንኳ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ ይተኛል ማለት ነው። ውኃ ከሩቅ የምትቀዳ ሴት በየቀኑ እግሯን የምታጥብበትን ከየት እንደምታገኝ፣ ወይም የተረፉላት አራት አምስት ሕመሞች በአጨዳ ወቅት ምን እንደሚያወጡላት ሌላ ዓይነት መረጃ ይጠይቃል።

አይነታዊው ዘዴ ብቻውን ይበቃል ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ጤና ጣቢያ ተቀምጠን ብናወያይ የምናገኘው የመጣውን ሰው ነው፤ ከቤቱ ያልወጣውን የሚያገኘው ቤት ለቤት የሚቆጥር ብቻ ነው። የጊዜና የገንዘብ እጥረትም እውነት ነው፤ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሁለት ጥናት ሠርቶ መጨረስ አይቻልም። እኔ የምጠይቀው ያንን አይደለም። መጠይቁ ከመባዛቱ በፊት ከአሥር ሰዎች ጋር ያለ ቅጽ መነጋገር ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። የንድፈ ሐሳብ ገምጋሚዎቻችን የናሙናውን ቀመር እንደሚጠይቁን ሁሉ፣ ከዚያ ንግግር በኋላ የትኛው ጥያቄ እንደተለወጠ ቢጠይቁን ምንኛ በጠቀመ።

መጠይቄን የተዋሰኝ አንድ የታችኛው ክፍል ተማሪ አለ። ከመስጠቴ በፊት የጫማውን ጥያቄ ሰርዤ በምትኩ ይህን ጻፍሁ፦ «ትናንት እርሻ ሲውሉ እግርዎ ላይ ምን ነበር?»