ስለ ዜማ ተማሪ ኑሮና ጨዋታ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ እንነጋገራለን። ዛሬ ግን የአንድ ቤት ልጅ ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤት ልጅ ስለ ሆነው ስለ ዜማ ተማሪ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን። ይህ ልጅ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፥ በትሩን ይዞ በደጃችን ሲቆም ብዙዎቻችን እናየዋለን፤ ነገር ግን ምን እንደሚማር፥ ወዴት እንደሚያድር፥ በምንም እንደሚጫወት የምንጠይቀው ጥቂቶች ነን።

ስለርሱ ለመናገር ከወገል ጤና የሚሻል ስፍራ አይገኝም። ወገል ጤና የደላንታ ከተማ ናት፤ ከፍ ካለ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች ብርዷ የጸና ነው። ገበሬው ገብስና ባቄላ ይዘራል፥ በግ ያረባል። ይህ ደጋ ከጎረቤቶቹ ከዋድላና ከላስታ ጋራ ከጥንት ጀምሮ የትምህርት አገር ነው። ቅኔ የሚሻ ተማሪ ወደ ዋድላ ይሄዳል፤ የዋድላ ቅኔ ከዋሸራና ከጎንጅ ቅኔ ጋራ ስሙ አብሮ የሚጠራ ነውና። የቅዳሴን ዜማ አጣርቶ ለመመስከር የሚሻ ደግሞ በቀድሞው የዋድላ ደላንታ አውራጃ ወዳለችው ወደ ሰለልኩላ ይወርዳል። በኢትዮጵያ የቅዳሴ ዜማ ምስክር ቤት ተብለው የታወቁት ሁለት ናቸው፤ እነርሱም በትግራይ ያለው ደብረ ዓባይና ይህችው ሰለልኩላ ናቸው። ድጓ የሚሻ ወደ ምዕራብ ተጉዞ በጋይንት ምድር ወዳለችው ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻም እዚያው ጋይንት ወዳለው ወደ ዙር አምባ ይሻገራል። እንግዲህ ይህ አገር ሁሉ አንድ ታላቅ የሙዚቃ ኮሌጅ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም፤ አዳራሹ ሜዳው፥ ግምጃ ቤቱም የገበሬው ሌማት ነው።

የሚማረውም ነገር ቀላል አይደለም። አባታችን ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የደረሰው ዜማ ግዕዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ በተባሉ በሦስት ስልቶች የተመደበ ነው። ድጓው፥ ጾመ ድጓው፥ ምዕራፉ፥ ዝማሬውና መዋሥዕቱ በየበዓሉና በየወራቱ የሚባል ስለ ሆነ ዓመቱን ሁሉ ይሞላል። በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል፤ እነዚህም ሊቃውንት የወሎዋ የተድባበ ማርያም ሰዎች ናቸው ይባላል። ከምልክቶቹ ቅናት ድምፅን ወደ ላይ ያነሣል፤ ድፋት ወደ ታች ያወርዳል፤ ደረት ከደረት የሚወጣ ወፍራም ድምፅ ይሻል። ይዘት፥ ሂደት፥ ቁርጥ፥ ጭረትና ርክርክም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ዳሩ ግን ምልክት ያለ መምህር ድምፅ ዲዳ ነው። የኔታ ይመራሉ፥ ተማሪው ይቀበላል፤ ቢሳሳት ይመለሳል፥ ደግሞም ይመለሳል። ቅዱስ ያሬድ ራሱ ትምህርት በከበደው ጊዜ፥ ዛፍ ስትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የደረሰችን ትል አይቶ መጽናናቱ ስለሚተረክ፥ ይህችን ትል የማያስታውስ የዜማ ተማሪ የለም።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር፥ ከደላንታ ሜዳ ጫፍ ቆሞ ከበሽሎ ማዶ ወደ መቅደላ ይመልከት። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት ከዚያ አምባ ወሰደ፤ ከነርሱም 350 ያህሉ ወደ ለንደን ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ብራናውን መጫን ተቻለ፤ በተማሪው ልብ የተጻፈውን ግን ማንም በቅሎ ሊሸከመው አልቻለም። ዜማው በማግስቱም በየደብሩ ይሰማ ነበር።

አሁን ወደ ዕለት ኑሮው እንመለስ። የዜማ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው ከትውልድ አገሩ ርቆ ነው። በዘመዶቹ መካከል ቢቀመጥ ከብት ጠብቅ፥ እርሻ እርዳ፥ ሠርግ ና እየተባለ ትምህርቱ ይፈታበታልና። ስለዚህ የላስታው ልጅ ወደ ደላንታ፥ የደላንታው ልጅ ወደ ጋይንት፥ የጋይንቱም ልጅ ወደ ላስታ ይሄዳል። ከደረሰም በኋላ ከባልንጀሮቹ ጋራ ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል፤ ሣር ጎዝጉዞ፥ ደበሎውን ለብሶ ይተኛል። ገና ሳይነጋ ተነሥቶ በጨለማ የትናንቱን ቀለም ያጠናል። በጨለማ የሚያጠናው መብራት ስለሌለው ብቻ አይደለም፤ ዓይን ሥራ ሲፈታ ጆሮና ልብ ስለሚበረቱ ነው። ሲነጋም ከየኔታ ፊት ቀርቦ ያጠናውን ያሰማል፥ አዲስ ቀለምም ይቀበላል።

ከዚህ በኋላ አኮፋዳውን አንሥቶ ወደ መንደር ይወጣል። ውሻ የሚፈራውን ያህል ምንም አይፈራም፤ ገና ከሩቅ ድምፁን ማሰማቱም ስለዚህ ነው። በየደጁም እንዲህ የመሰለ ንግግር ይሰማል።

«በእንተ ስማ ለማርያም!»

«ማነህ ልጄ? ከወዴት አገር መጣህ?»

«ከላስታ ነኝ፥ እመይቴ፤ ቅዳሴ እማራለሁ።»

«እናት አለችህ?»

«አለች፥ እመይቴ።»

«እንግዲያስ እርሷም በደጇ የቆመውን የሌላይቱን ልጅ ታብላልኝ» ብላ ቁራሹን ከአኮፋዳው ትጨምርለታለች።

አንባቢዎቻችን ይህችን የመጨረሻይቱን ቃል እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። የዚህ ኮሌጅ ሕግና ደንብ ሁሉ በርሷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛልና። የላስታዪቱ እናት ልጇን ማን እንደሚያበላው አታውቅም፤ የደላንታዪቱም እናት የምታበላው ልጅ የማን እንደ ሆነ አታውቅም። ነገር ግን ሁለቱ ሳይተዋወቁ ልጆቻቸውን ተለዋውጠው ያሳድጋሉ። በመካከላቸው ውል የለም፥ ዳኛም የለም፤ ያለው እምነት ብቻ ነው።

ማታ ተማሪዎቹ ከጎጆዋቸው ሲሰበሰቡ ያመጡትን በአንድነት ያቀርባሉ። የአንዱ አኮፋዳ ባዶ ቢሆን የሌላው ሞልቶ ይመጣልና፥ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህ ላይ ይፈጸማል። ጨዋታውም የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። አንዱ ውሻ እንዴት እንዳባረረው፥ እንዴትስ ከአጥር ላይ እንደ ተንጠለጠለ እያስመሰለ ሲናገር፥ ርኀቡ ሳይታወቅ ሳቁ ጎጆውን ይሞላዋል። ሌላው ባልንጀራው በአገሩ አነጋገር ሲናገር አስመስሎ ያሾፍበታል። እንቆቅልሽ ይባላል፤ ቅኔ የቀመሰም ካለ ስለ ደረቀችው ቁራሽ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይቆጥርላታል፤ ሰሙ ሙገሳ፥ ወርቁ ስድብ ይሆናል። አንዱም ዜማ ሲያነሣ ሌላው ከአፉ ነጥቆ ይቀጥላል፤ የሳተውም ይሳቅበታል። እንዲህ እየተጫወቱ ሳያውቁት ትምህርቱን ይደግሙታል። ተማሪን ከጎጆው የሚያቆየው እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ይህም ሳቅ ያቆየዋል።

የወራቱም በዓላት የየራሳቸው ደስታ አላቸው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው በዘመነ ጽጌ፥ በየእሑዱ ሌሊት ማኅሌት ይቆማል፤ ጀማሪውም ጸናጽልና መቋሚያ የያዙትን ታላላቆች እያየ ‹‹እኔስ መቼ?›› ይላል። በገና ቀን ጎረምሶች በሜዳው ላይ ዱላቸውን ይዘው ጥንጓን ሲያባርሩ ተማሪውም ትምህርቱን ጥሎ ይገባል። መንገዱ የተቃናለትም በእግሩ ወደ ላሊበላ ወርዶ፥ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከዓለቱ አፋፍ ላይ ቆመው ቤዛ ኵሉ ሲሉ ይሰማል። ተዝካርና ዝክር ባለበት ስፍራም ተማሪ አይጠፋም፤ የወሩን ዝክር ከየኔታ ይልቅ አጥርቶ ያውቃል እየተባለ ይቀለድበታል።

ነገር ግን ጨዋታውን አይተን ችግሩን ብንሸሽግ የአንባቢዎቻችንን እምነት እንበድላለን። ብርዱ ሳንባን ይመታል፤ ጥበቱ ቅማልንና ተስቦን ያመጣል፤ የውሻ ንክሻም ሕይወትን እስከ ማሳጣት ያደርሳል። አእምሮ ይገልጣል በሚባል ወሬ ተታልለው አብሾ የሚባለውን የሚጠጡም አሉ፤ ይህም ልብን ከማብራት ይልቅ ልብን ሊያናውጥ የሚችል መሆኑን ወላጆች ለልጆቻቸው አስቀድመው ሊነግሯቸው ይገባል።

ይህን ዐይነቱን ትምህርት ልመና ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር፥ ሌላው ዓለም እንዴት እንደ ነበረ ይመልከት። በቀድሞ ዘመን በጀርመን ከተሞች ድሆች ተማሪዎች በየደጁ እየዘመሩ ዳቦና ሳንቲም ይቀበሉ ነበር። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ አሥር ዓመት ሳይሞላው እናትና አባቱ ሞቱበት፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1700 ዓ.ም. በ15 ዓመት ዕድሜው ወደ ሊነቡርግ ሄዶ፥ ለድሆች ልጆች በተመደበ የመዘምራን ማኅበር ውስጥ እየዘመረ ቀለቡን አገኘ። ያን ጊዜ ያን ልጅ አናበላም ብለው ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው ዜማ ባልተሰማ ነበር። በአገራችንም በአዲስ አበባ በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የዩኒቨርስቲ ክፍል ሆኖ ክራርን፥ ማሲንቆንና ፒያኖን ያስተምራል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ስሙን ያገኘበት ዜማ ዛሬም የሚጠበቀው ደበሎ በለበሰው ልጅ እንደ ሆነ አይረሳ።

ዛሬ ይህ የእናቶች ልውውጥ ብዙ ፈተና አግኝቶታል። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በወገል ጤና አጠገብ ባለው ገደል ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ፥ ወጣቱ ዓይኑን ወደ ገደሉ አቅንቷል። ሲሳይን መፈለግ ነውር አይደለምና አንፈርድበትም። የሰሜኑም ጦርነት በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ፥ እንጀራ ሰጪው ገበሬ ራሱ እንጀራ አጥቶ ነበር። ዜማውንም ዛሬ በእጅ ስልክ ቀድቶ መያዝ ይቻላል፤ ስልክ ግን አይቀድስም፥ ማኅሌትም አይቆምም። ሙታናችንን የሚፈታው፥ ጥምቀታችንንም የሚያደምቀው ያው በደጃችን የቆመው ልጅ ነው። እንግዲህ ቁራሹ ምጽዋት ሳይሆን የዕዳ ክፍያ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ እመቤቶች ሆይ፤ የተማሪ ድምፅ ሲሰማ አስቀድማችሁ ውሻውን አስይዙ። ለልጃችሁ የማትሰጡትን የሻገተ ቁራሽ ለርሱ አትስጡ። ካላችሁ አሮጌ ጋቢ ወይም ባና ጨምሩለት፤ ከሌላችሁም ስሙንና የሚማረውን ጠይቁት፤ ስሙን የጠራለት ሰው በባዕድ አገር እንደ እናት ነውና። ቢታመም ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሰው ላኩለት። መኳንንትና ሹማምንት ሆይ፤ በምታስተዳድሩት አገር ያለውን ጉባኤ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ጎብኙ፤ ንጹሕ ውኃ፥ ክዳኑ የማያፈስ ጎጆና ሐኪም እንዲያገኝ ማድረግ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ልጁ ዜማ ልማር ብሎ የተነሣበትም አባት በቁጣ ከመመለስ ይልቅ የየኔታውን ስምና የደብሩን ስፍራ ጠይቆ፥ መርቆና ስንቅ አስይዞ ይሸኘው።

ልጁም ከሄደ በኋላ እናቲቱ መሶቧን አትክደን። ማታ በደጇ ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› የሚል የሰው ልጅ ድምፅ ብትሰማ፥ በዚያው ሰዓት የርሷም ልጅ በሩቅ አገር በሌላይቱ ደጅ ቆሞ ይሆናልና፥ ፈጥና ትውጣለት።