የኩኪ ወሰንና የዜጎች መረጃ ጥበቃ

የመንግሥት አገልግሎቶች ወደ ኦንላይን በተሸጋገሩ ቁጥር፣ በይለፍ ቃል ወደ መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጾች የሚገቡ ዜጎች እየበዙ መጥተዋል። ድረ ገጹ ተገልጋዩን ከገጽ ወደ ገጽ ሲሸጋገር ለይቶ የሚያውቀው በአብዛኛው በኩኪ አማካይነት ነው። ኩኪ ሰርቨሩ በተጠቃሚው ብራውዘር ላይ የሚያኖረው አጭር መረጃ ሲሆን፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በኔትስኬፕ ኩባንያ የተፈጠረ ቴክኖሎጂ ነው። የመግቢያ ኩኪን የያዘ ሰው የይለፍ ቃሉን ባያውቅም በባለቤቱ ስም ሊገለገል ይችላል። ስለሆነም ኩኪው ወደየትኞቹ አድራሻዎች ይላክ የሚለው ውሳኔ ለቴክኒክ ባለሙያ ብቻ የሚተው ሳይሆን የተቋም ኃላፊነት ነው።

የኩኪ ወሰን በዶሜይንና በፓዝ ይወሰናል። ዶሜይን ካልተጠቀሰ ኩኪው ወደ ሰጠው አድራሻ ብቻ ይመለሳል። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ዶሜይን ከተጠቀሰ ግን፣ ተገልጋዩ በሚጎበኛቸው ንዑስ ዶሜይኖች ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ይህ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ተገልጋዩ አንድ ጊዜ ገብቶ ሁሉንም አገልግሎት እንዲያገኝ ነው። ዓላማው በጎ ቢሆንም፣ የፈቃድ መስጫው ኩኪ ለአንድ ጉባኤ ተከፍቶ ክትትል ወደተቋረጠበት ንዑስ ዶሜይን ጭምር ሊደርስ ይችላል። ያ ገጽ ከተጠለፈ ኩኪውም አብሮ ይወሰዳል።

ብራውዘሮች «ጎቭ ዶት ኢቲ»ን የጋራ ቅጥያ አድርገው ስለሚቆጥሩ፣ አንድ ተቋም ለመንግሥት ተቋማት ሁሉ የሚላክ ኩኪ ሊያኖር አይችልም። ይህ አጥር ግን ተቋምን ከተቋም ይለያል እንጂ በአንድ ተቋም ሥር ያሉትን ገጾች እርስ በርስ አይለይም።

ፓዝ ኩኪው ከአድራሻው ውስጥ ለየትኛው ክፍል እንደሚላክ ይወስናል። ይሁንና የደኅንነት አጥር ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም፤ በአንድ አድራሻ ሥር ያለ ገጽ የሌላውን ክፍል ገጽ ከፍቶ ይዘቱን ማንበብ ይችላልና። ከዚህም ሌላ ኩኪን ለመሰረዝ ሲቀመጥ የተሰጠውን ዶሜይንና ፓዝ በትክክል መድገም ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ በኢንተርኔት ካፌ የተገለገለ ዜጋ «ውጣ» የሚለውን ቢጫንም ኩኪው በኮምፒውተሩ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ሰርቨሩም መለያውን ካላመከነ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው በስሙ ሊገለገል ይችላል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን የሚያስተናግዱ አካላት ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርጉ ግዴታ ይጥላል። ከዚህ አኳያ ተቋማት የመግቢያ ኩኪን ያለዶሜይን እንዲሰጡ፣ በተመሰጠረ ግንኙነት ብቻ እንዲላክና በገጽ ላይ በሚሠሩ ስክሪፕቶች እንዳይነበብ እንዲያደርጉ፣ ሲወጡም መለያውን በሰርቨሩ ላይ እንዲያመክኑ ይመከራል። አገልግሎት የማይሰጡ ንዑስ ዶሜይኖችም ሊዘጉ ይገባል። ሥርዓት ከአልሚ ድርጅት በሚረከቡበት ጊዜ የኩኪውን ወሰን በርክክብ ሰነዱ ውስጥ ማስፈር፣ ከጥቃት በኋላ ከሚደረግ ጥገና እጅግ የቀለለ ነው።